አስቻለች ያልተሸከመችው ጥፋት

አስቻለች የሞጣ ልጅ ናት። ቢቸና አጠገብ ወዳለችው መንደራችን በትዳር መጣች። ባሏ ሲሞት ማሳውን ለዘመድ አልሰጥም ብላ፣ በወንፈል ከጎረቤት ጋር ጉልበት እየተበዳደረች አጭዳ ታስገባለች።

ባለፈው ዓመት የመስከረም ማርያም ዕለት ባቄላዋን ስታርም ታየች። አረሙ ሊውጠው ነበር። ጥቅምት ሲገባ ቅጠሉ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ፤ ከሥሩ እየደረቀ ይረግፍ ጀመር። የጎረቤቶቿም እንዲሁ ሆነ። የዋግ መድኃኒት ቢረጩበት ለውጥ የለም። ያኔ ሁሉም ያችን ማርያም አስታወሰ። በዓል ሽራ ቁጣ አመጣችብን ተባለ። ሞጣ በዓል የለም እንዴ እያሉ ያሽሟጠጡም ነበሩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ጠሯት። የመንደሩ ባቄላ በእሷ ጥፋት እንደተበላሸ ተቀብላ ይቅርታ ካልጠየቀች ከወንፈሉ ትወጣለች አሉ። አጨዳው ተቃርቧል፤ ብቻዋን አትዘልቀውም።

አስቻለች ማረሟን አልካደችም። እሱን ለነፍስ አባቴ ተናግሬአለሁ ብላ ነጠላዋን አጣፋች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ማሳ አመራች። ተከተልናት። ያን ማሳ በበዓል ማንም አይነካውም። አንድ ቅጠል ቀጥፋ ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ፣ ለአያ ወልደ ሰንበት ሰጠቻቸው። ያው ነጠብጣብ አለበት።

«እዚህስ በዓል የሻረው ማን ነው፣ አያ?»

ሽማግሌው ቅጠሉን ደጋግመው አገላበጡት። እሷም የታመመ ቅጠል ይዛ ቢቸና ሄዳ ከግብርና ባለሙያዋ ከሊድያ የሰማችውን ነገረቻቸው። የመኪናና የከሰል ጭስ ጠራራ ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ለዓይን አይታይም፤ ነፋስ ከሩቅም ያመጣዋል፤ ቅጠሉ በሚተነፍስበት ገብቶ ያቃጥለዋል፤ ፍሬውንም ያቀጭጨዋል። ሊድያ በመሣሪያ ሳይለካ አልምልም ብላለች፤ ምልክቱ ግን የእሱ ነው።

«ጭስ ደግሞ ባቄላ መብላት ጀመረ?» አለ ከሰል አክሳዩ ፋንታ። ሰዉ ሳቀ።

«ያንተስ ጭስ ከጉድጓዱ ወጥቶ የት የሚያድር መሰለህ?» አለችው።



«ታዲያ ማንን እንቅጣ?» አሉ አያ ወልደ ሰንበት።

«እሱን እናንተ ፈልጉ። እኔ ያላጠፋሁትን አልሸከምም። ወንፈሉ ቢቀርብኝ ማጭዴ አለኝ።»

ውሳኔ የተናገረ አልነበረም። አጨዳው ሲደርስ ማንንም ሳትጠራ ብቻዋን ገባች። ፀሐይ ሞቅ ሲል አንድ ሁለት እያልን መጣን። በመጨረሻ አያ ወልደ ሰንበት ማጭዳቸውን ይዘው ደረሱ፤ አንድ ዛላ ፈልፍለው አዩ።

«ቀጭጯል» አሉ።

«ቢቀጭጭም ዘሬ ነው» አለች፤ ቀና ሳትልም የሚጀምሩበትን ዳር በማጭዷ አሳየቻቸው።