ባንዲራው ሥር የተማርነው እንግሊዝኛ

ትናንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ቢሮዬ ሆኜ በእንግሊዝኛ ስጽፍ፣ ኮምፒውተሩ አንዲት «ኤ» ሥር ቀይ መስመር አሰመረብኝ። «ኤን» በዪ ማለቱ ነው። ወዲያው ማጅራቴ ጋለ፤ የትምህርት ቤታችን ፀሐይ ትዝ አለችኝ።

የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪያችን «ኤ»ን ከ«ኤን» ያምታታውን ሁሉ ባንዲራው ሥር እስኪደወል ያቆም ነበር። የድሬን ቀትር ታውቁታላችሁ፤ ፍየሎች እንኳ ጥላ ፈልገው የሚተኙበት ሰዓት ነው። ያን ሰውዬ ዛሬም ይቅር አላልኩትም። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ቤቷ የምትናገረው ሶማልኛ፣ መንደር ውስጥ አማርኛ ነበር፤ እንግሊዝኛው ሦስተኛ መጣባት። ወደ ባንዲራው በወጣች ቁጥር ክፍሉ ይስቃል።

አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባቴ ፀሐይ ከሚመታሽ ሱቅ ገብተሽ ሥሪ ብሎኛል። ዛሬም ካስወጣኝ፣ ወላሂ፣ ሁለተኛ አልመጣም» አለችኝ።

አስወጣት። እልህ ያዘኝ። ቀጥሎ እኔን ጠርቶ «ጃንጥላ አለኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፊ አለኝ። እያወቅሁ «አምብሬላ» ፊት «ኤ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ጠመኔውን አስቀምጬ፣ ውጪ ሳልባል ወጥቼ ባንዲራው ሥር አጠገቧ ቆምኩ።

የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«አቦ ተይኝ! አንቺ እያወቅሽ ነው የቆምሽው። ካዘንሽልኝ አስተምሪኝ!» ብላ ጮኸችብኝ።

እዚያው አቧራው ላይ በእንጨት መጻፍ ጀመርን። ቃሉን ጮክ ብለን እየጠራን፣ በምን ድምፅ እንደሚጀምር በጆሯችን እንለያለን። ላባችን ጽሑፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በማግስቱ መጣች፤ ለአባቷም ምንም አልነገረችም።

ከቀናት በኋላ ሰሌዳው ላይ ወጥታ ሁሉንም ሳትስት ጻፈች። አስተማሪው አየት አደረጋትና «ተቀመጪ» አላት።

«አልቀመጥም፣ ቲቸር» አለች። «ሲያቆሙኝ ቆሜያለሁ። ዛሬ በራሴ ልቁም።»

ማንም አልሳቀም። እሱም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ማስተማሩን ቀጠለ፤ እሷ እስኪደወል ቆመች።

ስምንተኛን እንደጨረስን ቤተሰቦቿ ወደ ጅግጅጋ ሄዱ። ትምህርቷን ትቀጥል፣ ሱቅ ትግባ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በራሷ የቆመች ቀን ግን ወደ ቤት ስንመለስ ደክሟት ትከሻዬን ተደገፈች፣ እኔም እርምጃዬን ቀስ አደረግሁላት።