ማስታወቂያ የቆመበት የጎመን መደብ

ይህን የምጽፈው አጎቴ ለዘመድ ሁሉ በስልክ የሚናገሩት ታሪክ ግማሽ ብቻ ስለሆነ ነው። የቀረው ግማሽ እኔንም ነጻ የሚያወጣ አይደለም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚገኘው ቤታቸው ተቀብለው አኖሩኝ። የጓሯቸው ሸክላ አፈር ሲደርቅ እንደ ጡብ ስለሚጠነክር፣ ጥቅምት ላይ ከጣውላ ሦስት ከፍ ያሉ መደቦች ሠርቼ በብስባሽ ሞላሁ፤ እያንዳንዱንም በሲባጎ አሥራ ስድስት እኩል ካሬ ከፈልሁ። በሁለቱ ቆስጣና ሰላጣ ዘራሁ። በሦስተኛው፣ በየካሬው አንድ አንድ ጎመን አበቀልሁ። ዘሩን እናቴ በጨርቅ ቋጥራ የሰጠችኝ ነበር፤ ጥቂት ስለነበር አንድም ሳላስቀር ዘራሁት። የአያቴ ግቢ ፈርሶ እናቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገባች ወዲህ፣ ያ ዘር ከእኔ እጅ በቀር የትም አልነበረም።

ይህን ልነግራቸው አጎቴን ወደ ጓሮ ጠራኋቸው። ቆመው ተመለከቱት።

«ይሄ ጎመን ምን አጥፍቶ ነው በገመድ የታሰረው?» አሉ። «ወይስ ይሄም የምትማርበት መጽሐፍ ላይ ተጽፏል?»

ጎንበስ ብዬ ሲባጎውን አጠበቅሁ። የዘሩን ነገር አልነገርኋቸውም።

ከዚያ በኋላ እርሳቸው ከኤርፖርት ሥራቸው ሲገቡ፣ እኔ ዴንተን ወዳለው ትምህርቴ ስወጣ፣ በር ላይ እንተላለፍ ነበር፤ ሰላምታችንም እያጠረ ሄደ። በሁዳዴ ጎመኑ አበበ፤ ቁመቱ ከወገቤ አለፈ፤ ለዘር የምጠብቀው ፍሬው ግን ገና ለጋ ነበር። አጎቴ «ባክኖ ሊቀር ነው፤ ለጾሙ ይቀንጠስ» ባሉ ማግሥት በካርቶን ጽፌ አቆምሁበት፦ «ይህን መደብ መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» በቃል መናገር ይቀል ነበር። እኔ ግን በእጅ ጽሕፈቴ ማማር እንኳ ኮርቼ ነበር።

በማግሥቱ ስመለስ መደቡ ባዶ ነበር። ቅጠሉ ተቀቅሎ ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል፤ ካርቶኑም ከድስቱ ሥር ተነጥፏል።

«ብላ እንጂ» አሉ። «ሃያ ዓመት በኖርሁበት ቤት ማስታወቂያ ቆሞብኝ አያውቅም።»

«ዘሩ ከአያቴ ግቢ የመጣ ነበር። የመጨረሻው ነው።»

የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱት።

«የእናቴ ጎመን?»

«አዎ።»

«እና ስድስት ወር ሙሉ አፍ አልነበረህም?»

«ጽፌልዎት ነበር።»

እንደሚያማቸው አውቅ ነበር፤ እንዲያማቸውም ብዬ ነው የተናገርሁት።

«ማንበብ እችላለሁ» አሉ። «የጻፍኸው ግን ሌላ ነው።»

ግንዶቹን ከቆሻሻ መጣያው አውጥቼ ፍሬውን አንድ በአንድ ፈለፈልሁት። ውስጡ ገና ውኃ ነበር።

አሥራ ስድስት ግንድ ጎመን። ስድስት ወር። የተረፈ ዘር የለም።