ቁልቁለት ላይ የሚሰጥ ነዳጅ

አጎቴ ያቺን ሞተር ብስክሌታቸውን በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከገዟት ጀምሮ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ከልክለዋት አያውቁም። እሑድ እሑድ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተሳልመን ወደ የካ ስንወርድ፣ እኔ ከኋላቸው እፈናጠጣለሁ። ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚገባ፣ ነዳጅ ሲቋረጥባት ዘይቱም ይቋረጣል። ስለዚህ በየመታጠፊያው ትንሽ ትንሽ ይሰጧታል፤ እርር ትልና ዝም፣ ደግሞ እርር። እናቴ ታናሽ እህታቸው ናት። ያን ድምፅ ከሩቅ ስትሰማ የግቢውን በር ከፍታ ትጠብቀን ነበር።

«ጋሼ፣ ቁልቁለት አይደል እንዴ? ቤንዚኑን ለምን ያባክኑታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሞተር የሚቃጠለው ዳገት ላይ ብቻ እንዳይመስልህ። ቀለላት ብለህ ስትረሳት ነው» አሉኝ።

አምና ታመው ተሻላቸው ሲባል፣ እኔ ጅማ ሥራዬን ይዤ ሳልጠይቃቸው ሁለት ወር አለፈ። ቀለላቸው ብዬ ነበር። መርዶ ተነግሮኝ ስደርስ ቀብራቸው አልፏል።

ከአርባቸው ማግስት ሞተሯን አስነሥቼ ብቻዬን እንጦጦ ወጣሁ። መቃብራቸው ላይ አልቅሼ ስመለስ፣ እንዳስተማሩኝ በየመታጠፊያው ነዳጅ ሰጠኋት። ምነው አጥፍቼ እየገፋሁ ባወረድኳት! ቤት ስደርስ እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ጥቁር ነጠላዋን እያስተካከለች ቆማለች። ዐይኗ እኔን አልፎ ከኋላዬ መንገዱን ፈለገ።

«ወንድምዓለም መስሎኝ» አለች።

ሞተሯን አስገባሁ። እሷ ግን በሩን እስኪመሽ ድረስ አልዘጋችውም፤ እኔም ዝጊው ማለት አቃተኝ።