ሰርግ የተቀዳበት ዲስክ

ገፍተው እስር ክፍሉ ውስጥ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነው። ቀጥሎ እሱን አየሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ትከሻው ላይ የማውቀውን ፀጉር ላጭተውታል። ጆሮው ያን ያህል ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበርና ሳቅ አመለጠኝ።

"ሳቅ" አለኝ፤ "እዚህ ሌላ የሚያስቅ ነገር የለም።"

ሱሉልታ ተወልዶ በኦሮምኛ ሮክ የሚጫወት ሰው ነበር። የመጀመሪያ አልበሙን ሬዲዮ አንድ ቀን እንኳ አላጫወተውም፤ በፍላሽ እየተገለበጠ ግን ከቡራዩ እስከ ሰበታ ያልገባበት ባጃጅ የለም። ሁለተኛውን፣ ስምንት ዘፈን፣ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ዘጠኝ ዓመት ሠራው። ሲይዙት ኮምፒውተሩን ከነምናምኑ ወሰዱት። ቡራዩ ባለው፣ ሰርግ በምቀርጽበት ቪዲዮ ቤቴ ግን አንድ ኮፒ ሃርድ ዲስክ ላይ በአደራ አስቀምጦ ነበር።

ዘፈኖቹ እንዳይጠፉ ብሎ ከሰዓት ከሰዓት ለእስረኛው ያስተምር ነበር። ከተፍኪ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ኦቦ የምንላቸው፣ ጀሪካን እየመቱ ያጅቡታል። እኔ ስገባ ሁለተኛውን ዘፈን እየጨረሱ ነበር። ወደ ጥግ ወስዶ ስለ ኮፒው ጠየቀኝ።

ጥር ላይ ሰርግ በሰርግ ሆኜ ዲስክ ሲሞላብኝ፣ ዋናው እሱ ጋ አለ ብዬ፣ አልበሙን አጥፍቼ ሰርግ ቀድቼበታለሁ። በእኛ ሥራ የተለመደ ነው፤ አሮጌው ለአዲሱ ይለቃል።

ሰበታ እህቴ ጋ ተቀምጧል አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። በማግስቱ ማስተማሩን ተወ። ዘፈኖቹ ውጭ ካሉ ጉሮሮዬን ለምን አደክማለሁ አለ፤ ያስለው ነበር። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። ፈሪ ነበርኩ።

አንድ ጠዋት "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" ተባለ። መፈታት ይሁን ሌላ እስር ቤት የሚነግር የለም። በእኛ ክፍል የሚወጣ ሰው ብርድ ልብሱን ለመረጠው ሰው ትቶ ይሄዳል፤ የእሱ ለኦቦ ቃል የተገባ ነበር። እያጣጠፈው ሳለ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ። ዲስኩ ላይ ሰርግ ቀድቼበታለሁ።"

እጁ ቆመ። ጠባቂው ደግሞ ጠራው።

"ባትዋሸኝ የቀሩትን ስድስቱን አስተምራችሁ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ኦቦ፣ አይቀየሙኝ። ብርድ ልብሱን ለዚህ ልጅ ልስጠው።"

"ኤዬ፣ እሺ፣ ስጠው" አሉ።

ጉልበቴ ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ሳልፈታ እሱ ሞተ። ዛሬ በአካል አይተውት የማያውቁ ወጣቶች በስሙ ገጽ ከፍተው ስለጠፋው አልበም ይጽፋሉ፤ ኮፒው አንተ ጋ ነው ይባላል እያሉ ይደውሉልኛል። በእጄ እንዳጠፋሁት እነግራቸዋለሁ። ግማሾቹ ስልኩን ይዘጉብኛል። ኦቦም ከተማሯቸው ሁለት ዘፈኖች አንዱን ረስተዋል።

ዲስኩ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሙሽሮቹ ሰርጋቸውን እስከ ዛሬ መጥተው አልወሰዱም።