ኦቦ ቱፋ ባቡር የተሳፈሩ ዕለት

ሰበታ፣ ጎህ ሲቀድ

ከግቢ ስንወጣ ሰማዩ ገና መግለጡ ነው። አብረውኝ ያሉት አከራዬ ኦቦ ቱፋ ናቸው። እኔ የአዲስ አበባ ኪራይ አባርሮኝ ሰበታ የገባሁ፣ መገናኛ ልብስ ስፌት ቤት የምሠራ ሴት ነኝ፤ እሳቸው እዚሁ አርሰው ያረጁ ገበሬ ናቸው። ደረታቸው ሲያፏጭ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ከመሥሪያ ቤቴ አጠገብ ያለች የሳንባ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤላቸው ነበር፤ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ላይ በተነሣው ተቃውሞ መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮው አለፈ። ዛሬ ተከፍቷል ስለተባለ ወጣን።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ቱፋ? እንዴት አደሩ?»

«ናጋ ነው፣ መሠረት። ትንፋሹ ብቻ ነው ያላደረው» አሉኝ።

ዓለምገና

ሚኒባሷ ሞልታለች። አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ክብ ጥሏል፤ ከቦዩ ዳር የአንድ የጭነት መኪና አጽም ተጋድሟል። ወታደሮች አስቆሙን። ወርደን ተሰለፍን፣ ተፈተሽን።

«አባት፣ ወዴት ነው?» አላቸው አንደኛው።

«ትንፋሽ ፍለጋ።»

ወታደሩ ትንሽ አያቸውና ክንዳቸውን ይዞ ወደ ሚኒባሷ አወጣቸው።

ከኋላችን አንዲት ሴት «ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ይላሉ» አለች። ኦቦ ቱፋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ዐምና ሰዎች መጥተው ጤፍ ማሳቸው ላይ ችካል ተክለው ሄደዋል። «ምን ይመስልዎታል?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጠው በሬዎቹን ሸጡና እዚሁ ዓለምገና፣ ከባድ መኪና ሲያጓራ ከሚውልበት አስፋልት ዳር፣ የቆርቆሮ ሱቅ ከፈቱ። ማፏጨቱም የጀመራቸው ከዚያ ወዲህ ነው።

አየር ጤና

መኪናው ቆሟል። ከፊታችን ያለው አሮጌ አውቶቡስ ጥቁር ጭሱን በቀጥታ ወደ እኛ ይለቃል። መስኮት ቢዘጋ ሙቀት፣ ቢከፈት ጭስ። ኦቦ ቱፋ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው እስኪንቀጠቀጡ ሳሉ። ሳሉ ሲተዋቸው «አየር ጤና ብሎ ስም ያወጣለት ማነው?» አሉ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ጦር ኃይሎች

የባቡሩ መነሻ እዚህ ነው። ቲኬት ቆርጬ ስመለስ ኦቦ ቱፋ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው አገኘኋቸው።

«አልሳፈርም» አሉኝ። «የከተማው ነገር ሁሉ በእኛ መሬት ላይ ነው የሚረማመደው። ይኼም ነገ ይመጣል።»

እውነታቸውን ነው። «በታክሲ ከሄድን እንደ አየር ጤናው ነው መንገዱ ሁሉ» ብቻ አልኳቸው። ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዘው አሰቡ። ከዚያ ምርኩዛቸውን አስቀድመው ገቡ።

ባቡሩ አረንጓዴና ነጭ ነው። እንደ ልማዱ ጢም ብሏል፤ ቢሆንም አንዲት ተማሪ ተነሥታ አስቀመጠቻቸው።

«ጭሱ በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

«ጭስ የለውም። በመብራት ነው የሚሄደው።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ይቆማል።»

ልደታን አልፈን ድልድዩ ላይ እንደወጣን እውነትም ቆመ። ሰው አጉረመረመ። ከታች ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያውን መኪና በመኪና ሆኖ፣ ግራጫ ጭስ ጣራ ለጣራ ተኝቷል። ባቡሩ ሳይመጣ እኔም እዚያ ውስጥ ነበር የምውለው፤ ማታ ፊቴን ስጠርግ መሐረቤ ይጠቁር ነበር። አሁን ከጣቢያው ወደ ሥራ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ራስ ምታቱም ትቶኛል። ይህን ስነግራቸው ወደ ታች እያዩ ሰሙኝ።

«ሲቆምም ሰው አያስልም» አሉ። መብራቱ መጣና ተንቀሳቀስን።

መገናኛ

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ደረታቸውን አዳመጠች፣ በትንፋሽ መለኪያ አስነፋቻቸው፣ የት እንደሚውሉ ጠየቀቻቸው። ሱቁን ነገሯት።

«የሚነፋ መድኃኒት አዝዝልዎታለሁ፣ አባባ» አለቻቸው። «ጭሱን ካልሸሹ ግን ብቻውን አያድንዎትም።»

«ያ ባቡር እኛ ዘንድ ቢደርስ፣ መኪናው ይቀንስ ነበር?»

«ይቀንስ ነበር። እኔ ራሴ መኪናዬን ቤት አቁሜ በእሱ ነው የምመጣው።»

ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጦር ኃይሎች፣ ከሰዓት በኋላ

ስንመለስ ከባቡሩ ከወረድን በኋላ ኦቦ ቱፋ ወደ ታክሲው አልቸኮሉም። ሐዲዱ የሚያልቅበትን ቦታ ቆመው አዩ። ከዚያ ወዲያ ያው የተጨናነቀ አስፋልት ነው፣ ወደ እኛ የሚወስደው።

«ሲሠሩት የዚህን ሰፈር ሰው ጠይቀው ይሆን?» አሉኝ።

«እንጃ፣ ኦቦ ቱፋ።»

ሰበታ፣ ሊመሽ ሲል

ከሚኒባሷ ስንወርድ ልጃቸው ለማ ቆሞ ይጠብቀናል። በግርግሩ ከታሰሩት ወጣቶች አንዱ ነበር፤ በቅርቡ ተፈቶ፣ አባቱ ከዐይኑ ሲርቁ ይጨነቃል። ቀስ እያልን ወደ ቤት አቀናን። አባትየው ስለ ባቡሩ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ሐኪሟ አወሩለት። ለማ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው።

«አባ፣ እሱ የመጣ ለት መሬቱን ይዞ ነው የሚሄደው።»

ኦቦ ቱፋ ቆሙ። «ስማኝ። አስቀድመው ከጠየቁኝ የማሳዬን ዳር እኔው ሰጥቼ እመርቃቸዋለሁ። ሳይጠይቁኝ ከመጡ ግን ካንተ ፊት ለተቃውሞ የምወጣው እኔ ነኝ።»

ለማ ፈገግ አለ። «ካልክ እሺ። እስከዚያው ግን ሱቁ ከአስፋልቱ ዳር ይነሣ።»

«ወዴት?»

«ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰፈር። ደንበኛውም የሰፈር ሰው ነው።»

ኦቦ ቱፋ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «ልክ ነው» አልኩ።

ቅዳሜ ቆርቆሮውን ነቀልን። ለማና እኔ ተሸከምነው፤ ኦቦ ቱፋ ሚስማሩን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ከፊት ከፊት መሩን። ባሕር ዛፍ ካለበት ከውስጥ መንገዱ ዳር መልሰን አቆምነው፤ ባቡሩ እስኪመጣ።