ሰው የሌለበት አውሮፕላን

አሰበ ተፈሪ ውስጥ ሙሄዲን ፎቶ አንሺው ያላነሣው ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም ወይ መንገደኛ ነው። የሂርናው ጫት ነጋዴ፣ የቦርደዴው ሙሽራ፣ ሁሉም እሱ ግቢ መጥቶ፣ አውሮፕላን ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። አውሮፕላን ማለቴ እንኳ ለወጉ ነው፤ ጭራ ያወጣ ዱባ በሉት። ግን ማን ገዶት! ያኔ እኛ አገር አውሮፕላን የሚታየው አንጋጦ ነበር።

የፎቶ ቤቱ ግማሽ ሥራ የሚስቱ የኩብራ ነበር። ደንበኛው ፀጉሩን እስኪያበጥር እሷ ቦታው ላይ ትቆምለታለች፤ ሙሄዲንም ካሜራውን በእሷ ያስተካክላል። «በቃ፣ ዞር በይ» ይላታል። ዞር ትላለች። ከዚያ ነፋሱ መጋረጃውን እንዳያርገበግበው ከጎን ሆና ጠርዙን ጨብጣ ትይዛለች።

«አቦ አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ እኔን ከአውሮፕላኑ ጋር አታነሣኝም?» ትለዋለች።

«ነገ፣ ኢንሻአላህ። ፊልሙ የደንበኛ ነው።»

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ? ነገ፣ ነገ ሲል ኩብራ ሚኤሶ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ወባ ይዛ ተመለሰች፤ ሳምንትም አልቆየች። ልጅ አልነበራቸውም። ሙሄዲን ከቀብር ሲመለስ የከተማው ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጠበቀው። እሷ ብቻ የለችም። «ካርቶኑ ውስጥ አትጠፋም፤ ከዚያ ሁሉ ፊልም አንድ ጊዜማ አንስቻታለሁ» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ግን ካርቶኑን አልከፈተም፤ ፈራ።

በዓመቱ እውነተኛው አውሮፕላን መጣ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ተብሎ፣ ዕድሜውን የጨረሰ የጦር አውሮፕላን ክንፉ ተፈቶ በከባድ መኪና ተጫነና አደባባያችን ላይ ተገጣጠመ። ሞተሩ ወጥቶለት፣ ቀለሙ ተላልጦ፣ ጎማው ተንፍሶ ነበር። ቢሆንም አገሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጠባቂ ሆኖ የመጣው አሥር አለቃ ጀምበሩ የሚባል የጎጃም ሰው ሲሆን፣ ትእዛዙን እንደ ጸሎት ይደግማት ነበር፤ ከፊቱ ሰው ቆሞ ከተነሣ ማስታወሻ ነው፣ ባዶውን ያነሣ ግን ሰላይ ነው። ኧረ ተዉኝ እናንተ! ዶሮ ከሥሩ እንቁላል የምትጥልበትን አውሮፕላን ሰላይ ምን ሊያደርገው ነው?

የተሣለው መጋረጃ ተጠቅልሎ ጓዳ ገባ። ሙሄዲን ጠዋት ማታ አደባባይ ዋለ። ልጆቻቸው ጦር ሜዳ የሄዱባቸው እናቶችም የልጃቸውን ጉርድ ፎቶ ይዘው ይመጡ ጀመር፤ እናትየውን ክንፉ ሥር ያነሣትና ልጁን ቆርጦ አጠገቧ ለጥፎ፣ እንደገና አንስቶ አንድ ፎቶ ያደርገዋል። የሚኤሶዋ ሰዓዲያ እንዲህ የተሠራላትን ፎቶ ስታይ ሳመችው።

«አላህ ያክብርህ! የአንተንም ሰው አላህ አጠገብህ ያቁምልህ!» አለችው።

ኩብራንም ክንፉ ሥር ሊያቆማት የወሰነው ያኔ ነው። ለዚህ ግን ክንፉ ሥር ማንም ያልቆመበት ፎቶ ያስፈልገዋል፤ አውሮፕላኑ ደግሞ በማግስቱ ተጭኖ ሊሄድ ነው ተብሏል።

«አሥር አለቃ፣ ዛሬ ባዶውን ላንሣው» አለው ጀምበሩን።

«እያወቅኸው ሙሄዲን? ሰው አቁም።»

«ሰው የለኝም።»

ጀምበሩ ሳቀ። «ይኸው ሕዝቡ እንደ አሸዋ ፈሶ አይደል? ምን ሰው ጠፋ!»

«እኔ የማቆመው ሰው የለኝም። ሚስቴ ሞታለች። ቦታውን ለእሷ ነው የፈለግሁት።»

ጀምበሩ ሳቁን ዋጠ። ጠመንጃውን አስተካክሎ ወደ ጭራው ሄደና ቆመ። «እንግዲያውስ እኔ እዚህ ልሁን፤ ሰው አለበት ይባላል። ክንፉ ሥር የእሷ ይሁን» አለ።

ሙሄዲን ካሜራውን ሊያስተካክል ወደ ክንፉ አየ። የሚቆምለት አልነበረም። በግምት አነሣ።

አውሮፕላኑ ተጭኖ ከሄደ በኋላ በሩን ዘግቶ የፊልሙን ካርቶን ዘረገፈ። እያንዳንዱን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሣ አየ። ሙሽራው አለ፣ ነጋዴው አለ፣ ወታደሩ አለ። ኩብራ የለችም። ሁለተኛ ሲያይ ግን ጠርዙ ላይ፣ ፎቶው ከታጠበ በኋላ ሁልጊዜ በመቀስ ቆርጦ በሚጥለው በኩል፣ አራት ጣቶች አየ። መጋረጃውን ጨብጠዋል። ሌላውን አነሣ፤ እዚያም አሉ። በሁሉም ላይ አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲያምር እሷ ይዛለት ነበር፤ እሱ ደግሞ በገዛ መቀሱ እየቆረጠ ይጥላት ነበር። ሙሄዲን እንደ ሴት እዬዬ ብሎ አለቀሰ፤ እኛ ጎረቤቶቹ ሰማነው፤ ማናችንም ግን በሩን ያንኳኳ የለም። አፍረን ነው መሰለኝ።

አንዱን ፊልም አጥቦ፣ ጣቶቹን ቆርጦ ክንፉ ጠርዝ ላይ ለጠፋቸው። ከአውሮፕላኑ ኋላ የቀረው አሥር አለቃ ጀምበሩ ሊሰናበት ሲመጣ ፎቶው ከግድግዳው መሃል ተሰቅሎ አገኘው። የራሱን መልክ አይቶ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ወደ ክንፉ ጠጋ ብሎ አየ።

«ይኼ እጅ የእሷ ነው?»

«አዎ፣ የኩብራ ነው።»

«ታዲያ ፊቷስ?»

ሙሄዲን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«እሱን ነገ አነሣዋለሁ ብዬ ነበር» አለ።