ጾመኛው ሽኒትዘል የበላበት ቀን

በኮሮና ጊዜ፣ ከቤት መውጣት በተከለከለበት ወር፣ የስደተኞች ወረቀት ይታደስ ብለን ጆሃንስበርግ ውስጥ ሰልፍ ወጣንና ታሰርን። ክፍሉ በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ተራርቃችሁ አልቆማችሁም ብለው የያዙን ሰዎች ስድስታችንን ትከሻ ለትከሻ አስቀመጡን። በዕድሜ እኔ እበልጣለሁ። በዕውቀትም እንዲሁ፤ እውነት ስለሆነ ነው የምናገረው።

አብሮን የታሰረ አንድ ጎንደሬ፣ አሌክሳንድራ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ዐቢይ ጾምን ይጾም ነበር። የሚመጣው ምግብ ሁሉ ሥጋ የነካው ስለሆነ ሦስት ቀን በጥቁር ሻይ ብቻ ቆየ። በአራተኛው ቀን ጠባቂው፣ «ዛሬም ካልበላህ የረሃብ አድማ ብዬ እመዘግባለሁ፤ ለብቻህ ትታሰራለህ» አለው። ለብቻ የሚታሰሩበት ክፍል መስኮት የለውም።

ምሳ መጣ፤ በዳቦ ዱቄት ተለብጦ የተጠበሰ ቁራጭ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሽኒትዘል፣ ማዳላ» አለ ጠባቂው። ሽማግሌን እንዲህ ነው የሚጠሩት።

ጎንደሬው ሳህኑን ገፋ። «ሥጋ ነው አባባ፤ እርስዎ ይብሉልኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ይሄንንማ ሕፃንም ያውቃል።»

ሕፃን ምን ያውቃል? እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን ዱርንፎንቴን መንገድ ላይ በገዛሁት የተገነጣጠለ መዝገበ ቃላት ጀርመንኛን ብቻዬን ተምሬያለሁ። ቃሉ የመጣው መቁረጥ ከሚለው ነው፤ ትንሽ ቁራጭ ማለት ነው። የቪየና ሰዎች በጥጃ ሥጋ ሠርተው ታዋቂ አደረጉት እንጂ ቃሉ ራሱ ሥጋ አይልም። ምግቡ ከሚላን መጣ የሚሉም አሉ፤ እኔ ማስረጃ አላገኘሁበትም። ይህን ሁሉ ለጠባቂው በእንግሊዝኛ ዘረዘርኩለት።

«ትምህርቱን ተወውና ብላ፣ ማዳላ።»

«የምን ቁራጭ እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። አምጣው።»

እየሳቀ ሄደ። ካርቶኑን ይዞ ሲመለስ አይስቅም ነበር። በፍርግርጉ በኩል አነበበልን፤ አኩሪ አተር፣ የስንዴ ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው። እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

ጎንደሬው ግን እጁን አልዘረጋም።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰባት» አልኩት።

«እንግዲያው ዘጠኝ ሲሆን እበላለሁ።»

ጠባቂው ወደ እኔ ዞረ። «ዘጠኝ ሲሆን ይበላል፤ እኔ አለሁ» አልኩት።

ዘጠኝ ሲሆን ጠባቂው ራሱ መጥቶ ሰዓቱን ነገረው። ጎንደሬው አማተበ፤ ከቁራጩ ቆርሶ በመጀመሪያ እኔን አጎረሰኝ። መነካካት ክልክል ነው ያለ የለም። ከዚያ ቀስ ብሎ በላ፤ ጠባቂውም መዝገቡ ላይ «በልቷል» ብሎ ጻፈ።

ተፈታን እንጂ ወረቀታችን እስካሁን አልታደሰም። ሱቁ ስሄድ ግን ያ ሰው ደንበኞቹን ትቶ ይነሣና፣ «ሊቁ መጡ» ይላል። አላርመውም።